ነጩን ፕላስቲክ ገልጠህ እየው

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማስ ደህና ናቸው? ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። "ማታ እደውላለሁ" እያልኩ ቀኑ አለፈ። ከቆየ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር ቸገረኝ። ቅር ብሎህ ከሆነ እውነት አለህ። ይቅር በለኝ።

እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ፣ ያገለገለ ትሬለር፣ ያንን በመኪና የሚጎተት መኝታ ያለው ቤት፣ እንደገዛህ ሰማሁ። በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ሆዴ ፈራ። ስለዚህ ሌላውን ወሬ ሁሉ አቆይቼ ስለ ማዕዘኖቹ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

የኔን ታስታውሰዋለህ፣ ፎቶውን ልኬልህ ነበር። ከውጭ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ሁለቱ ግድግዳዎች የሚገናኙበት ላይ ከጣሪያ እስከ ታች የሚወርድ አሉሚኒየም አለ አይደል? መሃሉ ላይ ብሎኖቹን የሚሸፍን ነጭ ፕላስቲክ ገብቶበታል። የኔው ፕላስቲክ ከታች በኩል አራት ጣት ያህል አጥሮ ነበር። ለመልክ የተደረገ ነገር መስሎኝ አለፍኩት። እኛ ያለንበት ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ከፍታው ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐዩ ፕላስቲክ አይምርም። ያደርቀዋል፣ ያሳጥረዋል። ከዚያ ዝናቡም የቀለጠው በረዶም ብሎኖቹ ላይ ይወርዳል። ብሎኖቹ ተራ ብረት ስለሆኑ ይዝጋሉ። ከአሉሚኒየሙ ሥር ያለው ማጣበቂያም ደርቆ ይሰነጠቃል። ውሃው በብሎኑ ቀዳዳ በኩል ገብቶ እንጨቱ ውስጥ ይቀመጣል።

ሚያዝያ ላይ የሻገተ ነገር ሸተተን። ከአልጋው በላይ ያለውን ጥግ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ግድግዳው እንደ እርጥብ ዳቦ ገባ። ወጥቼ አንዱን ብሎን በካቻቢቴ ስነካው ሳልታገል ወጣ። ግማሹን ዝገት በልቶታል። አሉሚኒየሙን ሳነሳው ሞራሌው እጄ ላይ እንደ ቡና አተላ ፈረሰ። ልጆቼ የሚተኙት እዚያ ጥግ ነበር። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ችግሩን አውቆ በላዩ ላይ ሲሊኮን ለቅልቆበታል። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሲሊኮን ውሃውን አያቆመውም፣ ቀዳዳውን ይደብቀዋል እንጂ። ቅሪቱ ላይ ደግሞ ሌላ ማጣበቂያ እሺ ብሎ አይይዝም። ፍቆ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ወሰደብኝ።

የበሰበሰውን ቆርጬ በአዲስ ሞራሌ ተካሁት። መጀመሪያ ግን ለቀናት ከፍቼ አደረቅኩት። እርጥብ እንጨት ላይ ማሸግ መልሶ ማበስበስ ነው። አሮጌውን ማጣበቂያ በፕላስቲክ መፋቂያ አነሳሁ፣ ብረት ቆርቆሮውን ይጭረዋል። በአልኮል ወለወልኩት። ከዚያ ቡቲል የሚባለውን እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ ውሃ መከላከያ ቴፕ ከአሉሚኒየሙ ጀርባ ለጥፌ በስቴንለስ ብሎን አሰርኩት። በትራፓኖ ሳይሆን በእጅ እሰረው፣ አለበለዚያ እንጨቱ ውስጥ ጥርሱ ያልቃል። ቴፑ በዳር በኩል ትንሽ ትንሽ ሲወጣ በደንብ ተጨምቋል ማለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ብሎኖቹን ደግሜ አጠበቅኩ፣ የተረፈውን ቴፕ ቆረጥኩ።

ነጩን ፕላስቲክ ስታስገባ አደራህን አትሳበው። የተሳበ ፕላስቲክ ሲውል ሲያድር ይሰበሰባል። ፀሐይ ላይ አስጥተህ ሲለሰልስ ዝም ብለህ በጣትህ እየተጫንክ አስገባው፣ ጫፉ ላይም ትርፍ ተውለት።

አንተ ያለህበት ዳላስ ደግሞ ሙቀቱ ከኛ ይብሳል። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ አራቱንም ማዕዘን ዙር። ፕላስቲኩ አጥሯል? ከብሎኖቹ ሥር የዝገት መስመር ወርዷል? ከዚያ ውስጥ ገብተህ ጥጎቹን ከላይም ከታችም በአውራ ጣትህ ጫን ጫን አድርግ። መስኮትና በር ዙሪያውንም አትርሳ። አዲስ የተቀባ ሲሊኮን ካየህ ደግሞ ቀድመህ እሱን ተጠራጠር።

ለስላሳ ቦታ ካገኘህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝና ደውል። ምንም አትፍታ። ሁለት ጥቅል ቴፕ ተርፎኛል፣ ብሎኑም አለ። የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ይዤ እመጣለሁ። ልጆቹንም ካየኋቸው ቆየሁ።

ያንተው ወንድም