ስብንና ኦክሲዳንትን በጅምላ አንኮንን

በጤና ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ የስብ ሕዋሳትንና ከኦክስጅን የሚፈጠሩ፣ ኦክሲዳንት የተባሉ ንጥረ ነገሮችን በጅምላ የጤና ጠላት ማድረጉ አያስኬድም። የስብ ሕዋስ የትርፍ ምግብ ጎተራ ብቻ ሳይሆን ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አመንጭቶ የስንቁን መጠን ለአንጎል የሚያሳውቅ ነው፤ ከቆዳቸው ሥር ስብ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሰዎችም ትርፉ በጉበታቸው ስለሚከማች ለስኳር በሽታ ይጋለጣሉ። ኦክሲዳንቶችም ሲበዙ ሕዋስን ቢጎዱም፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያን የሚገድሉት በእነርሱ ጭምር ነው። ጸረ ኦክሲዳንት (ኦክሲዳንቶችን የሚከላከል) እንክብል ለሁሉም ይጠቅማል ማለት ግን ከስህተትም አልፎ አደገኛ ነው፤ በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች በተሳተፉበትና በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን የተባለውን ጸረ ኦክሲዳንት የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት በሳንባ ካንሰር ተይዘዋል። ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ስለ እንክብሎቹ በጻፈ ቁጥር መጠናቸውን እንዲገልጽና አጫሾች የቤታ ካሮቲን እንክብል እንዳይወስዱ የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያ አብሮ እንዲያትም እጠይቃለሁ።