ልጁን ወደ እኔ ላከው

ይድረስ ለወንድም ዓለም ጌታነህ፤

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ተጠፋፋን እኮ! እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አሁንም እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ፎርማን ሆኜ እየሠራሁ ነው።

ታናሹ ልጅህ የ12ኛ ክፍል ውጤት እንዳልመጣለት ሰማሁና ሆዴ አልችል ብሎ ነው የምጽፍልህ። አይዞህ በለው። በ2015 ዓ.ም ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረው ልጅ ሁሉ ሜዳ ላይ ይውደቅ እንዴ?

እኛ ዘንድ ሰው ጠፍቷል። የአንድ ፎቅ ቤት ግድግዳው አልቆ፣ ሶሌታው፣ ማለት የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ተሞልቶ፣ ቧንቧ የሚዘረጋና ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው አጥተን ቆመናል። የቀን ሠራተኛ ሞልቷል፤ የጠፋው ባለሙያው ነው። ጎበዝ ጎበዙ ለኮሪደር ሥራ አዲስ አበባ ሄደ፣ ሌላው በመተማ ወደ ሱዳን ወጣ። የቀሩትን አሠሪዎች ይሻሙባቸዋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ ደመወዝ በመስከረም 2018 ዓ.ም 11,500 ብር ሆነ፤ እጁ የቀና ሴራሚክ ሠራተኛ ሥራ ካላጣ ወር ሳይሞላ ያልፈዋል።

ወጣቱን የሚያሸሸው ንቀታችን ይመስለኛል። በነገሥታቱ ግንብ እንኮራለን፤ በግንበኝነትና በአናጢነት ያገለገሏቸውን ቤተ እስራኤላውያን ግን ቡዳ እያልን ስናርቅ ኖርን። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። "የእገሌ ልጅ ድንጋይ ጠራቢ ሆነ" የሚል ቢመጣ ጆሮ አትስጠው።

አንድ አዛውንት ግንበኛ አሉን። የግድግዳውን ቀጥታ የሚለኩበትን ቱንቢያቸውን ይለቁና ጨርሶ እስኪረጋ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ። ከዚያ ድንጋዩን በመዶሻ ነካ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ሥሩ ባዶ መሆኑን ካወቁ አንስተው እንደገና ያስቀምጡታል። ይህን ሙያ የሚረከባቸው አላገኙም። ልጅህ እሳቸው ሥር ቢውል እንዴት ደስ ባለኝ!

ጣጣ የለውም አልልህም። ክረምት ሲገባ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ሲሚንቶ ሲጠፋ እንቆማለን፤ ከመወጣጫ የወደቀን ሰው የሚያሳክም አሠሪም ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ቀን ከእኛ ጋር ይዋል፣ በማታው ሙያውን ኮሌጅ ይማር፣ የብቃት ምዘናውንም ይውሰድ። ወረቀት የያዘ ባለሙያ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል።

ማደሪያው እኔ ቤት ነው። ለጥምቀት አብራችሁ ኑ፤ አንተ ትመለሳለህ፣ እሱ ይቀራል። እናቱ እሺ ካላለች ደውልና ስልኩን ስጣት፣ እኔ አነጋግራታለሁ።

ወንድምህ፣ ከአዘዞ