ጀበናውና አልማዙ

ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበትም ካለፈው ይሻላታል። ይህን ነገር በቴሌግራም በድምፅ ልልክልሽ ብዬ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት። ስለዚህ እንደ ድሮው ልጽፈው ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ከሥራ ገብተሽ አረፍ ስትዪ አንብቢው።

ነገሩ የመጣው ከፊልም ነው። እሑድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ወንድምሽ ዩቲዩብ ላይ አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከፈተልኝ። እሱ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ሶፋው ላይ ማንኮራፋት ጀመረ። "ቴረር ባይ ናይት" ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ፣ የልብ ወለዱ መርማሪ የሼርሎክ ሆምስ ፊልም ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የአሁኖቹ በአንድ ሰዓት ገና ሰው አስተዋውቀው አይጨርሱም።

ባሲል ራዝቦን ሆምስን፣ ናይጄል ብሩስ ደግሞ ጓደኛውን ዶክተር ዋትሰንን ሆነው ከ1939 እስከ 1946 ድረስ 14 ፊልም ሠርተዋል። ይሄ 13ኛው ነው። ራዝቦን የተወለደው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ጆሃንስበርግ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ራሱን በቅጠልና በቅርንጫፍ ሸፍኖ፣ ዛፍ መስሎ ወደ ጠላት ምሽግ እየተሳበ ሲሰልል ቆይቶ ሜዳልያ ተሸልሟል። እንዲህ ያለ ሰው ካሜራ ፊት ቢያስመስል ምን ይገርማል?

ታሪኩ ከሞላ ጎደል ሙሉውን የሚያልቀው ከለንደን ወደ ኤደንብራ በሚሄድ የሌሊት ባቡር ውስጥ ነው። አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ "የሮዴዥያ ኮከብ" የሚባል ትልቅ አልማዝ ይዛ ተሳፍራለች። ልጇ፣ አልማዙ ይሰረቃል ብሎ ስለሰጋ፣ ሆምስን ቀጥሮታል። ባቡሩ ብዙም ሳይጓዝ ልጅየው ሞቶ ይገኛል፣ አልማዙም የለም። ሌባው ከዚያው ፉርጎ ውስጥ ነው፣ የሚወርድበት ቦታ የለም። በዚያ ላይ አንዲት ሴት የእናቴ አስከሬን ነው ብላ ያስጫነችው የሬሳ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ከሥሩ ድብቅ ክፍል አለው።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ባቡር ላይ ዕቃ ስለመደበቅ ማንም አያስተምረኝም። ድሮ ኮንትሮባንድ ፈታሹ ፊናንስ መጣ ሲባል ሽቶውና ጨርቁ በአንድ ጊዜ የት እንደሚገባ ብታዪ ሆምስ ራሱ ባርኔጣውን ያነሳ ነበር። አራት ቀሚስ ደርባ፣ በዚያ ሙቀት፣ ላብ ጠብ ሳይላት የምትቀመጥ ሴት አይቻለሁ። ደግሞ የባቡር ከተማ ልጅ ዓይኑ አይሳሳትም፤ ከውጭ ሲያሳዩት ባቡሩ መልኩን ይቀያይራል። ከሌላ ፊልም የተቆረጠ ሳይሆን አይቀርም። ግድ የለም፣ ውስጡ ያምራል። ጠባቡ ኮሪደር፣ የትንባሆው ጭስ፣ በሩ ሲከፈት ፊት ላይ የሚወድቀው ብርሃን። ቀለም ቀብተው የሚያሳዩትም አለ፣ እሱን እንዳታዪው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

ዋትሰን አለ አይደል? በመጽሐፉ ውስጥ ቁም ነገረኛ የጦር ሐኪም ነው። ፊልሞቹ ግን ለሳቅ ሲሉ ነገር የማይገባው ሽማግሌ አድርገውታል። ሆምስ ሥራ ላይ እያለ ይሄ ዋትሰን እኔም ልመርምር ብሎ ይነሳል። መጀመሪያ አንድ የሒሳብ ፕሮፌሰር ጋ ይገባል፣ ፕሮፌሰሩ ግን ገልብጦ እሱኑ መመርመር ይጀምራል። ከዚያ ባልና ሚስት የተቀመጡበት ክፍል ይገባል። ደረቱን ነፍቶ፣ ድምፁን አወፍሮ ያፋጥጣቸዋል። ሰዎቹ ይርበተበታሉ፣ በመጨረሻም "ሰርቀናል" ብለው ያምናሉ። ዋትሰን ፊቱ በራ! አልማዙን ያገኘ መሰለው። ሰዎቹ አውጥተው ያሳዩት ግን የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ከሆቴል ሰርቀው የመጡት።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቀረ።

1996 ዓ.ም.፣ አንቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ። ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩት 400 ብር ጠፋ። ታስታውሺያለሽ፣ አውቃለሁ። አንቺን፣ ወንድምሽንና ሠራተኛችንን ሳሎን ውስጥ አሰልፌ፣ ያን ግራጫ ኮቴን እንደለበስኩ ወዲያና ወዲህ እያልኩ ጠየቅኳችሁ። የሠራተኛዋን ሻንጣ ሳይቀር አስፈትቼአታለሁ። ወንድምሽ ዝም አለ። አንቺ ግን ማልቀስ ጀመርሽ። "እኔ ነኝ አባዬ" አልሽ። እኔም ልክ እንደ ዋትሰን ፊቴ በራ።

እጄን ይዘሽ ወደ ማድ ቤት ወሰድሽኝ። ከሰሉ ማዳበሪያ ውስጥ እጅሽን እስከ ክርንሽ ሰደድሽና የጀበና አንገት አወጣሽ። ቀጥሎ እጀታውን። ቀጥሎ ስባሪውን አንድ በአንድ። እናትሽ ለሁለት ሳምንት ያጣችው ጀበና ነበር። ጎረቤታችን ተውሳ አልመለሰችም ብላ ከሴትዮዋ ጋር ቡና መጠጣት ካቆመች ቆይታለች።

ያኔ መሳቅ ነበረብኝ። ዋትሰን እንኳ ማንቆርቆሪያውን ሲያይ አፍሮ ወጣ። እኔ ግን "ጀበና የደበቀ ብርም ይደብቃል" አልኩ። ጆሮሽን ቆነጠጥኩ። እጅሽ እንደዚያ በከሰል ጠቁሮ፣ ብሩን አልወሰድኩም እያልሽ ስትምዪ አላመንኩሽም። ከዚያ በኋላ ለሱቅ ስልክሽ መልሱን እየቆጠርኩ ነበር የምቀበልሽ።

ፊልሙን ጨርሰሽ ስታዪ የምታገኚውን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ገዳዩን ግን አልናገርም። ባቡሩ ሙሉ ሲታመስ አልማዙ የነበረው ሆምስ ኪስ ውስጥ ነው። ገና ሲጀመር፣ እስቲ ልየው ብሎ ተቀብሎ፣ በአስመሳዩ ቀይሮታል።

የኔም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ እሱ እያወቀ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ኮቱን ለላውንደሪ ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ ጣቴ በቀዳዳ ሾለከ። ኪሱ ተቀዶ ኖሮ ብሩ ወደ ገበሩ ወርዷል። አራት ድፍን መቶ ብር፣ እንደታጠፈ። እናንተን አሰልፌ ስጠይቅ ጀርባዬ ላይ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ለፋሲካ ያ ቀይ ጫማ የተገዛልሽ በሱ ነው። ለእናትሽም አዲስ ጀበና። ከየት አመጣኸው ስትለኝ መሥሪያ ቤት ቦነስ ሰጠን አልኳት። አንቺ ጫማውን አድርገሽ አንገቴ ላይ ስትጠመጠሚ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየሁም ነበር፤ የኔ አባትም አላደረገውም። ይሄ ምክንያት አይሆንም፣ አውቃለሁ። ሠራተኛችን በወሩ ሄደች፣ የት እንዳለች እንኳ አላውቅም። አንቺ ግን አድራሻሽ አለኝ።

ብሩን አልወሰድሽም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በዪኝ።

ፊልሙን ወንድምሽ ሊንኩን ይልክልሻል። ማንቆርቆሪያው ጋ ስትደርሺ ደውዪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። ስለ ቦነሱ ለእናትሽ መንገር ከፈለግሽ መብትሽ ነው፤ ብቻ እኔ ቤት የሌለሁበትን ሰዓት ምረጪ።

አባትሽ