የዳይሬክተር ሮያሊቲ የሚጠፋው ውል ላይ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጥር 10 እና 11 በደረሰ ቁጥር ስለ ጎንደር ጥምቀት የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ከየመደርደሪያው ወጥተው እንደገና ይታያሉ። ካሜራው የፋሲለደስን መዋኛ ከየት በኩል እንደሚያይ፣ ታቦቱ ሲቃረብ ድምፁ የት ላይ ዝግ እንደሚል የወሰነው ዳይሬክተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው አንዴ ነው፤ ሥራውን ያስረከበ ዕለት። ስለ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው በታየ ወይም በተሰማ ቁጥር ለሠሪው ስለሚገባው ክፍያ፣ ሲወራ ዘፋኝ እንጂ ዳይሬክተር አይነሣም። ከተነሣም መልሱ «ማኅበር ይቋቋም» ነው። ማኅበር ያስፈልጋል፤ የቅጂ መብት ሕጉን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007ም ለጋራ አስተዳደር ማኅበራት፣ ማለትም በአባሎቻቸው ስም ሮያሊቲ ለሚሰበስቡ ማኅበራት፣ መንገድ ከፍቷል። ዳይሬክተሩ ፈርሞ የሰጠውን መብት ግን የትኛውም ማኅበር ሊሰበስብለት አይችልም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ገልጦ ማየት ይበቃል። የኦዲዮቪዥዋል ሥራ (የፊልምና የመሳሰለው) ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብት፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ፣ ከመጀመሪያውም የፕሮዲዩሰሩ ነው። ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነም፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። እንግዲህ ለጣቢያ በደመወዝ የሚሠራ ዳይሬክተርም፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ዘጋቢ ፊልም የተቀበለ የፒያሳ ስቱዲዮም ዝም ካሉ ይሸነፋሉ። በእጃቸው የሚቀረው የሞራል መብት ነው፤ ስማቸው እንዲጠቀስ፣ ሥራው ክብራቸውን በሚነካ መንገድ እንዳይለወጥ። ስም ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

«በውል ሌላ ነገር ካልተባለ» የምትለዋ ሐረግ ናት በሯ። የተለመደው ውል «ሙሉ መብቴን አስተላልፌያለሁ» ይልና በሯን ይዘጋታል። በምትኩ የሚጻፈው ረጅም አይደለም። አንደኛ፣ ክፍያው የምን እንደሆነ ይለይ፦ ይህን ያህል የቀረጻ ቀን፣ ይህን ያህል የኤዲቲንግ ሳምንት። ሁለተኛ፣ የተላለፈው መብት ይወሰን፦ በየትኛው ጣቢያ፣ ስንት ጊዜ ሊታይ፣ እስከ ስንት ዓመት፣ በምን ቋንቋ። ሦስተኛ፣ ለድጋሚ ስርጭት፣ ለሳተላይትና ለኬብል፣ ለሆቴልና ለአውቶቡስ፣ ለኢንተርኔት የሚገባው ክፍያ ለዳይሬክተሩ እንደተጠበቀ፣ ራሱ ወይም አባል የሆነበት ማኅበር እንደሚሰበስበው ይጻፍ። ፕሮዲዩሰሩ ፊልሙን ለሌላ ሲሸጥ የሚሰጠው ድርሻ በመቶኛ፣ ሂሳቡም በየስድስት ወሩ ቢቀመጥ ይመረጣል። የአገልግሎት ዋጋውንና ሮያሊቲውን በአንድ ድምር መጻፍ ሌላም ችግር አለው፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሮያሊቲ ከደመወዝ ተለይቶ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው።

ጀማሪ ዳይሬክተር ከፕሮዲዩሰር ጋር እኩል ተደራድሮ ይህን ሁሉ ያስጽፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ እንቢ ካለ ሌላ ይጠራል። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኮሎምቢያ በ2017 ያወጧቸው ሕጎች የመጡት ለዚህ ነው። ዳይሬክተሩና የስክሪፕት ጸሐፊው ከእያንዳንዱ ስርጭት የሚያገኙት ክፍያ በውል ሊሰጥ የማይችል ሆነ። ፕሮዲዩሰሩ እንደ ልቡ ይሸጣል፤ ክፍያው የሚጠየቀው ከአሰራጩ ነው። ሕግ አውጪዎቻችን ሊያዩት የሚገባው ይህንን ነው።

ውሉ ቢስተካከልም ገንዘብ የሚከፋፈለው ጣቢያው ምን፣ መቼ እንዳሳየ በሚጽፍበት የስርጭት መዝገብ ነው። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ጣቢያ በዓመት 1,000,000 ብር ይከፍላል እንበል። ማኅበሩ ለሥራ ማስኬጃ 20 በመቶ ቢቀንስ 800,000 ይቀራል። በዓመቱ የታዩት ሥራዎች፣ የምሽቱ ሰዓት እጥፍ ተቆጥሮ፣ 40,000 ደቂቃ ቢሆኑ አንዱ ደቂቃ 20 ብር ይደርሰዋል። ምሽት የታየ የ90 ደቂቃ ፊልም 180 ደቂቃ ተቆጥሮ 3,600 ብር ያገኛል፤ ዳይሬክተሩና ጸሐፊው እኩል ቢካፈሉ 1,800 ብር ለእያንዳንዳቸው። መዝገቡ «የአማርኛ ፊልም» ብቻ ካለ ግን እነዚያ 180 ደቂቃዎች ባለቤት የላቸውም፤ ገንዘቡ ባለቤቱ ካልታወቀው ሂሳብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዓመታት በኋላም ለሌሎች ይከፋፈላል። ተከታታይ ድራማ ከሆነ የክፍሉ ቁጥር መግባት አለበት፤ ክፍል 1ን አንዱ፣ ክፍል 9ን ሌላው ዳይሬክት ሊያደርጉት ይችላሉና።

ስም ላይ የሚመጣው ጣጣ ደግሞ የእኛው ነው። «ኃይሌ» አንዱ ወረቀት ላይ በኃ፣ ሌላው ላይ በሀ ይጻፋል፤ ለኮምፒዩተር ሁለት ሰዎች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ መልኩ ይበዛል። የውጭ ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል። መፍትሔው አንድ አጻጻፍ መርጦ፣ ከፓስፖርትና ከባንክ ደብተር ጋር አስማምቶ፣ በውሉም በክሬዲቱም (በፊልሙ ላይ በሚታየው የባለሙያዎች ስም ዝርዝር) እሱኑ መጠቀም ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የደራሲያን ማኅበራት አባሎቻቸውን በ11 አሃዝ የአይፒአይ ቁጥር፣ ፊልሙን ደግሞ በኢሳን ቁጥር የሚለዩት በስም መተማመን ስለማይቻል ነው። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣ ፊልም በውጭ መዝገብ 2012 ተብሎ ቢገባ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድና ከሌላ ተመሳሳይ ርዕስ ጋር ይምታታል።

ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በሚጓዝ አውቶቡስ ላይ የሚከፈት ፊልምም ለሕዝብ የቀረበ ነው። እዚህ በየጉዞው መዝግብ ማለት ቀልድ ይሆናል፤ የሚሻለው በወንበር ወይም በሆቴል አልጋ ቁጥር የተተመነ ዓመታዊ ክፍያ ተሰብስቦ በጣቢያዎቹ መዝገብ መሠረት መከፋፈሉ ነው። በዩቲዩብ ያለው ነገር ይለያል፤ ገንዘቡ የሚገባው ለቻናሉ ባለቤት ስለሆነ የዳይሬክተሩ ድርሻ ከውሉ ሌላ መነሻ የለውም።

ዳይሬክተሩ ሞቶ ከሆነ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ይቀርባሉ። ውሉ ከጠፋባቸው ግን ማስረጃ የሚሆናቸው የፊልሙ ክሬዲት ነው፤ ጣቢያዎች ደግሞ ለማስታወቂያ ጊዜ ሲሉ መጨረሻውን ይቆርጡታል። ስለዚህ የስርጭት መዝገብ ከስክሪኑ ሳይሆን ከውሉ ይሞላ። ከመጪው ጥር በፊት ቅጹን ማዘጋጀት ለሚፈልግ ጣቢያ ዓምዶቹ ሰባት ናቸው፦ ርዕስ፣ የክፍል ቁጥር፣ የዳይሬክተሩ ሙሉ ስም፣ የጸሐፊው ሙሉ ስም፣ የተሠራበት ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር፣ የታየበት ቀንና ሰዓት፣ ርዝመቱ በደቂቃ።

የፊልምና የቴሌቪዥን ባለሙያዎች
ከጎንደር