ከላይም ከታችም ጥርስ ያለው መጋዝ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት?

ወንድሜ የላከልዎት የኤሌክትሪክ መጋዝ ሐዋሳ በሰላም መድረሱን ሰማሁ። እማዬ እንደነገረችኝ ካርቶኑ በተከፈተ ማግስት ሞራሌ መሰንጠቅ ጀምረዋል። በጣም ደስ ብሎኛል። በእጅ መጋዝ የስንቱን ቤት በርና መስኮት ሠርተው ነው ያሳደጉን። አሁን ትከሻዎ ቢያርፍ ማን ይጠላል። ነገር ግን ስለዚህ ማሽን በስልክ የማልጨርሰው ብዙ ነገር አለኝ። እኔ የምሠራበት የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥም እንዲሁ ዓይነት መጋዝ አለ። በየቀኑ ስለማየው ነው የምጽፍልዎት። «አንቺ ሳትወለጂ ነው መጋዝ የያዝኩት» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። እንጨቱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ማሽኑ ነው አዲስ የሆነብዎት።

ይሄ መጋዝ ሁለት ማሽን ነው። በአንደኛው አሠራር ሞተሩንና ክቡን ዲስክ የያዘው ጭንቅላቱ ከላይ ወደ ታች እየወረደ እንጨቱን በአግድም ወይም በ45 ዲግሪ ይቆርጣል። በሌላኛው ደግሞ ጭንቅላቱ ታች ይቆለፍና ጥርሱ በላይኛው ጠረጴዛ ክፍተት ብቅ ይላል። እርስዎ እንጨቱን እየገፉ በርዝመቱ ይሰነጥቃሉ። ዲስኩ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሚያዩት ወገን ሌላ፣ የማያዩት ወገንም ጥርስ አለው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ከላይ ሲሰነጥቁ፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ጥርስ በመሸፈኛው መሸፈን አለበት። ጭንቅላቱም በፒኑ እስከ መጨረሻው መቆለፉን በእጅዎ ነቅነቅ አድርገው ያረጋግጡ። ከታች ሲቆርጡ ደግሞ የላይኛውን ጠረጴዛ ጥርሱ እስኪሰወር ድረስ ከፍ ያድርጉት። ጠረጴዛው ከፍ ሲል ጥርሱ ይሰወራል፣ ዝቅ ሲል ይወጣል። በስህተት ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ከታች እየቆረጡ ሳለ ከላይ የሚሽከረከር ጥርስ አለ ማለት ነው። እጅዎን ሳያስቡት የሚያሳርፉት እዚያ ላይ ነው።

ከአንዱ ወደ ሌላው በለወጡ ቁጥር ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ማሽኑን ሲያጸዱ፣ ዲስክ ሲቀይሩ፣ የተቀረቀረ ቁራጭ ሲያወጡም እንደዚሁ። ግቢው ውስጥ የልጅ ልጆች ስለማይጠፉ ሥራ ሲያበቁ ስፒናውን ነቅለው ሽቦውን ከፍ አድርገው ይስቀሉት።

አሁን ወደ መሰንጠቁ ልምጣ፤ ከባዱ እሱ ነው። ዲስክዎ 260 ሚሊሜትር ነው ተብያለሁ። በደቂቃ 3000 ዙር ብቻ ቢዞር እንኳን ጥርሱ በሰዓት 147 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። የሻሸመኔ መንገድ ላይ ያለ ሚኒባስ እንኳን እንዲህ አይበርም። ከላይ ሲሰነጥቁ የፊተኛው ጥርስ እንጨቱን ወደ ታች ይጫናል፣ የኋለኛው ግን ወደ ላይ ነው የሚነሳው። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ሲገጥም የኋለኛውን ጥርስ ይነክሰዋል። ያኔ ማሽኑ እንጨቱን አንስቶ ወደ እርስዎ ይወረውረዋል። ሐዋሳ ውስጥ የሚሸጠውን እርጥብ ባህር ዛፍ ያስቡት። ባህር ዛፍ በውስጡ ውጥረት ያለው እንጨት ነው። ሲሰነጠቅ ወዲያው ይጎብጣል ወይም ይዘጋል፤ ይሄን በእጅ መጋዝ ስንቴ አይተውታል። በእጅ መጋዝ ግን መጋዙ ተይዞ ይቀራል፣ እዚህ ግን እንጨቱ ይበራል። ስለዚህ እርጥቡን አይሰንጥቁ። ደርድረው በጥላ ያድርቁት።

ከዲስኩ ኋላ የቆመችውን ጠፍጣፋ ብረት በፍጹም እንዳያወልቋት። ሥራዋ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ እንዳይገጥም ለይታ መያዝ ነው። ውፍረቷ ከዲስኩ አካል ወፈር፣ ጥርሱ ከሚቆርጠው ስፋት ደግሞ ሳሳ ያለ መሆን አለበት። ከጥርሱ ያላት ርቀትም ከ8 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ላይዋ ላይ ያለው መሸፈኛ እይታ ይከልላል ብለው የሚያወልቁ ብዙ ባለሙያዎች አሉ። እባክዎ እርስዎ እንደነሱ አያድርጉ።

መግፊያ እንጨት ይሥሩ። ለእርስዎ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ወፍ አፍ ጎድጎድ ይበል። የእንግሊዝ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ ከ300 ሚሊሜትር ያጠረ እንጨት ሲቆረጥ፣ ወይም የረጅም እንጨት የመጨረሻው 300 ሚሊሜትር ሲቀር መግፊያ ተጠቀሙ ይላል። እኛም ማምረቻው ውስጥ በዚሁ ነው የምንሠራው። ሲገፉ ከዲስኩ መስመር ትንሽ ገለል ብለው ይቁሙ። ደግሞ ጎረቤት «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይቁረጡልኝ» ብሎ ሲመጣ እምቢ እንደማይሉ አውቃለሁ። ይቁረጡለት፤ ግን ከማሽኑ ፊትም ከኋላም እንዳያቆሙት።

የታችኛው አቆራረጥ ቀለል ይላል። ለበር መቃን፣ ለግድግዳ ግርጌ ዞኮሎ፣ ለፎቶ ፍሬም ከዚህ የሚበልጥ የለም። እንጨቱ ከኋላ መደገፊያው ጋር ደህና ይጣበቅ። የጎበጠ ከሆነ የጎበጠውን ሆዱን ወደ መደገፊያው ያዙሩት፤ አለዚያ መጨረሻው ላይ ዲስኩን ይነክሳል። እጅዎ ከጥርሱ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። አጭር ቁራጭ ከሆነ በእጅ ሳይሆን በማሽኑ ማሰሪያ ይታሰር። ዲስኩ ሙሉ ፍጥነት እስኪይዝ ይጠብቁና ዝቅ ያድርጉ። ቆርጠው ሲጨርሱ ማብሪያውን ይልቀቁና ዲስኩ እስኪቆም ጭንቅላቱን እዚያው ይያዙት።

አባዬ፣ ይሄን ስል አይቀየሙኝ፦ ጆሮዎ እንደ ድሮው አይደለም። ዲስኩ ማብሪያው ከጠፋ በኋላም መዞሩን ይቀጥላል፣ ድምፁም እየቀነሰ ስለሚሄድ ላይሰሙት ይችላሉ። በጆሮ ሳይሆን በዓይን ያረጋግጡ። ሌላም ነገር አለ። የቆየው ረጅሙ የኒዮን መብራት ስለሚርገበገብ የሚሽከረከር ዲስክ የቆመ ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ ከማሽኑ በላይ ሌላ ደህና አምፖል ያስገጥሙ፤ ቢቻል ደግሞ በመስኮቱ አጠገብ በቀን ብርሃን ይሥሩ።

የመብራት ነገር ከተነሳ፣ ሐዋሳ መብራት ሲሄድ ምን ያደርጋሉ? ማሽኑን ትተው ቡና ይጠጡ ይሆናል። መብራቱ ሲመጣ ማብሪያው ክፍት ከነበረ ማሽኑ ራሱ ሊነሳ ይችላል። አንዳንዱ መብራት ሲሄድ ራሱ የሚጠፋ ማብሪያ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። መፈተን ቀላል ነው። ምንም እንጨት ሳይኖር፣ ጭንቅላቱ ታች ተቆልፎ ያስነሱት። ከዚያ ሌላ ሰው ከቆጣሪው ማጥፊያ ያጥፋና መልሶ ያብራ። እርስዎ ራቅ ይበሉ። ተነስቶ ከዞረ መከላከያ የለውም ማለት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩና ያስገጥሙለት። እስከዚያው መብራት እንደሄደ መጀመሪያ ስፒናውን ይንቀሉ። ቀጭን ማከፋፈያ ላይም አይሰኩት፤ ሞተሩ በቂ ኃይል ሳያገኝ ይሞቃል። ጥቅል ሽቦ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት።

ልብስን በተመለከተ አጭር ነው። ጠዋት ጋቢዎን እንደደረቡ ወደ ማሽኑ እንዳይጠጉ። ጓንትም አያድርጉ፤ ጥርሱ ከያዘው እጅ ይዞ ነው የሚገባው። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ግን ግድ ነው። ሰጋቱራውንም አይናቁት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ መድቦታል፤ በተለይ የአፍንጫን። እርስዎ በዚህ ብናኝ ውስጥ ነው ያረጁት። አሁን ቢያንስ ደህና ማስክ ያድርጉ። በደረቁ ከመጥረግም በማሽን መምጠጥ ይሻላል።

ጥገናው ብዙ አይደለም። የደነዘዘ ዲስክ ከሹሉ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ኃይል ይጠይቃል፣ እንጨቱን ያቃጥላል፣ እርስዎንም ያስገፋል። ጥርሱ ላይ የተጋገረውን ሙጫ ዲስኩን አውልቀው በላምባና በብሩሽ ያጽዱት፣ በደንብ ያድርቁት፤ እሳት አጠገብ ግን አይሁን። የዲስኩ ማሰሪያ ቡሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ በግድ ወደ ግራ እንዳይታገሉት። ሲገጥሙ ዲስኩ ላይ ያለው ቀስት ከማሽኑ ቀስት ጋር አንድ አቅጣጫ ያመልክት። ለመሰንጠቅ 24 ገደማ ጥርስ ያለው፣ ለኮምፔንሳቶና ለጥሩ አቆራረጥ 60 ገደማ ያለው ይሻላል። ድሮ በር የነበረ አሮጌ ጣውላ ከሆነ ምስማሩን አንድ በአንድ ያውጡ። ሞተሩ ብልጭታ ካበዛ ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፉት ሁለት የካርቦን ቁራጮች አልቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ያስቀይሩ። ማዕዘኑንም አልፎ አልፎ በስኳድራ ይለኩት። የታችኛው መሸፈኛ በስፕሪንጉ ወዲያው መመለሱን ግን በየቀኑ፣ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት፣ ስፒናው እንደተነቀለ ይሞክሩት። ዘግየት ካለ ሰጋቱራ ገብቶበታል፤ ሳያጸዱ አይሥሩ።

መነጽር፣ ማስክና የጆሮ መከላከያ ገዝቻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት በአውቶብስ ስለምልክ ታናሼ ከመናኸሪያ ይቀበልልኝ። ሁለት ዲስክም ልገዛልዎት ነው። ለዚህ ግን ከማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያስነብቡልኝ፦ የዲስኩ ስፋት፣ የመሃል ቀዳዳው መጠን፣ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከማሽኑ ማነስ የለበትም፣ ቀዳዳውም ልክ መሆን አለበት። እማዬ በስልኳ ፎቶ አንስታ ብትልክልኝ ይበቃል።

አክባሪ ልጅዎ