ሚልጋው ከክፍያው ቀን በፊት ይድረስልን

ለነታንያ፣ ለረሆቮት፣ ለአሽዶድ፣ ለአሽቀሎን፣ ለቤር ሼቫና ለቂርያት ማላኪ ከንቲባዎች

ክቡራን ከንቲባዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስለመጣነው ቤተሰቦች ተማሪዎች ሚልጋ፣ ማለትም ከተሞቻችሁ ለትምህርት ክፍያ ስለሚሰጡት የገንዘብ ድጋፍ ነው። ገንዘቡ አነሰ ብዬ ልወቅሳችሁ አይደለም። የቸገረን የሚደርስበት ጊዜ ነው።

የእህቴ ልጅ ከሠራዊት ስትወጣ የተሰጣትን ፒካዶን የሚባለውን ገንዘብ ለፕሲኮሜትሪ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው፣ ማዘጋጃ ኮርስ አወጣችው። ውጤቷ ነርስነት ለመማር አበቃት። የዚያን ቀን ደስታችን ልክ አልነበረውም። እናቷ ዳቦ ደፋች፣ ጎረቤት ተጠራ።

ከዚያ የሚልጋው ፎርም መጣ። የወላጅ የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃል። እህቴ ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት ታጸዳለች፤ የሚከፍሏት ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። ወረቀቶቹን አጣጥፋ በፌስታል ነው የምታስቀምጠው። ዕብራይስጥ ስለማታነብ የቱ የሐምሌ፣ የቱ የነሐሴ እንደሆነ አትለይም። ልጅቷ ማታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ እያነሳች በእርሳስ ወሩን ስትጽፍባቸው አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የአንዱ ወር ጠፋ። ድርጅቱ ቅጂውን እስኪሰጥ ሁለት ሳምንት ሄደ። እህቴ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ አድርጋ ስንቴ ይቅርታ እንደጠየቀች!

ትምህርት የሚከፈተው ከመስከረም በዓላት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ግን ቀድሞ ይፈለጋል። የከተማዋ መልስ የመጣው በፋሲካ ሰሞን ነው። «ማመልከቻሽ ተቀባይነት አግኝቷል» ይላል። እሷ እስከዚያ ድረስ በሳምንት አራት ሌሊት አረጋውያንን ስትጠብቅ እያደረች፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እየጣላት፣ ሁለት ኮርስ ትታለች። የከተማዋን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ነገር በሌሎች ከተሞች ካሉ ወላጆችም ሰምቻለሁ።

የዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት ክፍያ ከ10 ሺህ ሸቀል በላይ ነው። በጽዳት ሥራ ለሚኖር ቤት ከአንድ ወር ሙሉ ደመወዝ ይበልጣል። ይህን ያህል ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ፣ ከተማው እስኪመልስለት ስድስት ወር የሚጠብቅ ቤተሰብ በእኛ ሰፈር የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይኸው ነው፦ ማመልከቻው ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ባለው በጋ ይከፈት፣ መልሱም ከመጀመሪያው ክፍያ ቀን በፊት ይሰጥ። በጀት አትጨምሩም። ቀኑን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሱት።

ሌላው መኺና፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ትምህርት ነው። ልጆቻችን ባግሩት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያውን ሰርተፊኬት፣ ይይዛሉ። ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገውን የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደረጃ አሟልተው የሚይዙት ግን ያነሱ ናቸው። የስታቲስቲክስ ቢሮው በየዓመቱ በበዓላችን በስግድ ሰሞን በሚያወጣው መረጃ ይህ ክፍተት እየተደጋገመ ይታያል። ያን ክፍተት የሚሞላው የመኺና ዓመት ነው። ሚልጋ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ብቻ ከሆነ፣ ከበሩ ውጭ የቆመውን ማን ያስገባው?

ስለ ነፃ አገልግሎቱ ሰዓትም አንድ ነገር ልበል። ሚልጋ ብዙ ጊዜ ከአገልግሎት ጋር ነው የሚሰጠው፤ ይህን እደግፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ረሆቮት በሚገኘው የሳይንስ ተቋም፣ በቫይስማን ኢንስቲትዩት፣ የተጀመረው ፔራኽ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተማሪው አንድ ሕፃን ይይዛል፣ ያስጠናዋል፣ ያጫውተዋል፣ በምላሹ የትምህርት ክፍያው ይታገዛል። የእኛ ልጆች ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ሌላ አገልግሎት ከልጅነታቸው ጀምሮ እየሰጡ ነው። የእህቴ ልጅ ኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድን ክሊኒኩ፣ ሄዳ ለጎረቤት አሮጊት ታስተረጉማለች። ፋርማሲው በር ላይ ቆማ «ይሄ ከምግብ በፊት ነው እማማ፣ ይሄኛው ማታ ስትተኙ» እያለች በየሣጥኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ትስላለች። በዘመቻ ሙሴ ጊዜ በእግራቸው ሱዳን ደርሰው ከዚያ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የመጡ ሽማግሌዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የገቡ እናቶች ዛሬም ሐኪም ፊት በልጅ አፍ ነው የሚናገሩት። ይህ ሥራ በሰዓት ይቆጠርላቸው። ሐኪም ቤቱ ይፈርም፣ ከተማው ይመዝግብ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ለኢትዮጵያውያን ብቻ የሚሆን ሚልጋ ጠይቅ» ይሉኛል። እኔ አልጠይቅም። ልጆቻችን ለብቻቸው በተለየ ክፍል፣ በተለየ ፕሮግራም ሲመደቡ ኖረዋል፤ ያ ነገር ልብ ይሰብራል። የክፍያው ቀን ቢስተካከል የሚጠቀመው ከሞሮኮ የመጣው ጎረቤታችንም፣ ከዩክሬን የመጣችውም ነው። ለእኛ ብቻ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማስታወቂያው በአማርኛም ይውጣ። ድረ ገጽ ላይ በዕብራይስጥ የወጣን ነገር እህቴ አታየውም። የአማርኛውን ሬዲዮ ግን ወጥ ስትሠራ ሳትከፍት አትውልም። ምኩራብ ደጃፍ የተለጠፈ ወረቀትም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩን ያዳርሳል።

የሚመጣው ዓመት ማመልከቻ የሚከፈትበትን ቀን ንገሩን። ወረቀቱን ላኩልኝ፤ ተርጉሜ በየምኩራቡ በር የምለጥፈው እኔ ነኝ። ፌስታል ይዘው ለሚመጡ እናቶችም ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ፎርሙን እሞላለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የአንዲት ተማሪ አጎት