ይድረስ ለእታለም፦ ስለ ህንዶቹ የምሽት ቀሚስ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ደንበኛሽ ለመልሷ ያማራትን ቀሚስ ፎቶ አየሁት። በስልክ ላስረዳሽ ብሞክር መስመሩ እየተቆራረጠ ስላልተግባባን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ይህን ደብዳቤ የስፌት መኪናሽ አጠገብ አስቀምጪው።

መጀመሪያ ሰዎቹን እወቂያቸው፤ ደንበኞችሽ ስማቸውን እየጠሩ መምጣታቸው አይቀርም። በፎቶው ላይ ያለው ከትከሻ ተነሥቶ እንደ ማዕበል የሚጠቀለል ጨርቅ የጋውራቭ ጉፕታ አሠራር ነው። ሰውየው የደልሂ ነው፤ ለንደን ሴንትራል ሴንት ማርቲንስ በሚባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ተምሯል። በፈረንጆች 2023 ጥር ወር በፓሪስ የኦት ኩቱር (በልክ በእጅ የሚሠራ ውድ ልብስ) ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን አሳየ፤ በማግሥቱ ወር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ካርዲ ቢ ለግራሚ የሙዚቃ ሽልማት የለበሰችው ከራሷ በላይ የሚጠማዘዝ ደማቅ ሰማያዊ ቀሚስም የእሱ ነው። ናኢም ካን ሙምባይ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚሠራ ነው። ሚሼል ኦባማ በ2009 ህዳር ለህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር በተደረገው የራት ግብዣ ላይ የለበሰችው ማንገቻ የሌለው አብረቅራቂ ቀሚስ የእሱ ሥራ ነበር። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥብኝ ራሁል ሚሽራ ነው። በ2014 ዓለም አቀፉን የዉልማርክ የፋሽን ሽልማት ሲያሸንፍ ከህንድ የመጀመሪያው ነበር፤ በ2020 በፓሪስ የኦት ኩቱር ሳምንት በማቅረብም የመጀመሪያው ህንዳዊ ሆኗል። ቱል በሚሉት ስስ መረብ ጨርቅ ላይ የሚያስጠልፈው አበባ ቅጠሉ ከጨርቁ ተነሥቶ ይቆማል፤ አይተሽ አትጠግቢውም።

የቀሚሶቹ ቅርፅ የፈረንጅ ነው፤ ወገብ ላይ የጠበቀ፣ ዳሌን የሚከተል፣ ጀርባው የተከፈተ። እጁ ግን የህንድ ነው። የፓሪስ ትልልቅ ቤቶችም ለዓመታት ጥልፋቸውን ሙምባይ ሲያስጠልፉ ኖረው የጠላፊዎቹን ስም ብዙም የሚያነሣ አልነበረም። የፓሪሱ ፋሽን ቤት ዲዮር በ2023 መጋቢት ሙምባይ በሚገኘው የህንድ በር በሚባለው ትልቅ ቅስት ፊት ለፊት ትርዒቱን ሲያቀርብ ቻናክያ የሚባለው የሙምባይ ጥልፍ ቤት በግልጽ ተነሣ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ሥራው። አንቺ ቀሚሱን ሰፍተሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው ዶቃውን የምትለጥፊው። እዚህ ደልሂ ግን ጨርቁ ሳይቆረጥ ይጠለፋል። በመጀመሪያ በአቡጀዲ የሙከራ ቀሚስ ይሰፋና በልኳ ይስተካከላል፤ ከዚያ ተፈትቶ ወደ ወረቀት ይገለበጣል። ወረቀቱ ላይ የጥልፉ መስመር ይሳልና በመርፌ ነጥብ በነጥብ ይበሳል። ጨርቁ ላይ ተነጥፎ፣ በትንሽ ላምባ የተለወሰ ዱቄት በጨርቅ ቁራጭ ይታሽበታል፤ ለጥቁር ጨርቅ ነጭ ዱቄት፣ ለነጭ ሰማያዊ። ላምባው ከበዛ መስመሩ ይፈስና ጥልፉ አቅጣጫውን ያጣል። ቁራጩ እርጥብ ሆኖ ይበቃል፣ መንጠባጠብ የለበትም። ሐር ከሆነ አስቀድመሽ ጥግ ላይ ሞክሪው።

ከዚያ ጨርቁ አዳ በሚሉት፣ እንደ አልጋ ባለ የእንጨት መወጠሪያ ላይ እንደ ከበሮ ይወጠራል። በደልሂ ሻህፑር ጃት ሰፈር ታች ቡቲኩ፣ ላይ ወርክሾፑ ነው። ጠላፊዎቹ አዳውን ከበው መሬት ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ አንዱ እጅ ከጨርቁ በታች ክሩን ያቀብላል፣ ሌላው ከላይ አሪ የሚባለውን ቆልማማ መርፌ ያመላልሳል። የአሪ ስፌት ሰንሰለት ስለሆነ ፈጣን ነው፤ ጣጣው ደግሞ እዚያው ነው። መጨረሻው ካልታሰረ አንዱን ጫፍ የሳበ ሰው መስመሩን በሙሉ ይተረትረዋል፣ ዶቃውም ወለል ላይ ይዘንባል። ስለዚህ የየመስመሩን ጫፍ እሰሪ። ብብት ሥርና መቀመጫ ላይ ደግሞ አሪውን ተይውና በተራ መርፌ ስፊ፤ በየ4 ዶቃው ቋጠሮ አድርጊ።

ሁለት ነገር እንዳትረሺ። ጥልፍ ጨርቅ ይሰበስባል። ከመወጠሪያው ሲወርድ ከለካሽው ያንሳል፤ ስለዚህ በየቁራጩ ዙሪያ 5 ሳንቲሜትር ትርፍ ተይና፣ ከወረደ በኋላ እንደገና ለክተሽ ቁረጪ። ሁለተኛው፣ ከስፌቱ መስመር ግራና ቀኝ 1 ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ይተው። ሁለቱ ቁራጮች በመኪና ከተጋጠሙ በኋላ ያ ባዶ ቦታ በእጅ ይሞላል፤ መጋጠሚያው የማይታየውም ለዚህ ነው። ዶቃ መስመሩ ላይ ከቀረ መርፌ ይሰብራል። የመስታወት ዶቃ ከሆነ ጨርቅ ሸፍነሽበት በጉጠት ሰባብሪው፤ ክሩን እንዳትቆርጪ፣ ዓይንሽንም ጠብቂ። ካውያ ከፊት በኩል አይነካውም፤ የፕላስቲክ ፈርጥ ይቀልጣል። ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ አስተኝተሽ፣ ከጀርባው በትንሽ ሙቀት ተኩሺው።

የባለፈው ቀሚስ እየተንሸራተተ ሙሽራዋ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ስትስበው አመሸች ብለሽኝ ነበር። አጥብቀሽ መስፋትሽ ሳይሆን የውስጡ ሥራ ነው የጎደለው። ሙሉ በሙሉ በመስታወት ዶቃ የተሸፈነ ቀሚስ ከ5 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ያን ሁሉ ጡት አይሸከመውም፣ ወገብ ነው የሚሸከመው። ከገበሩ በፊት ጥቅጥቅ ካለ ጥጥ ጨርቅ በድርቡ ኮርሴት፣ ማለት ደረትና ወገብን አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ልብስ፣ ስፊ። በየመጋጠሚያው ላይ የኮርሴት ዘንግ አስገቢ፤ ዘንጉ ከላይም ከታችም ከጠርዙ 1 ሳንቲሜትር ይጠር፣ ካልሆነ ጨርቁን ቀዶ ቆዳ ይወጋል። በመጨረሻ የማይለጠጥ፣ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጥብቅ ሪባን ከወገቧ ልክ በ2 ሳንቲሜትር አሳጥረሽ ወገቡ ላይ አድርጊ። ከኮርሴቱ ጋር የሚያያዘው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ብቻ ነው፤ ከኋላ ዚፑ ሳይዘጋ በፊት በሁለት መንጠቆ ይቆለፋል። እሱ ከተቆለፈ ማንገቻ ባይኖረውም ቀሚሱ ከቦታው አይነቃነቅም።

የትከሻው ማዕበልም የሚያያዘው ከዚሁ ኮርሴት ጋር ነው፤ ላዩ ጨርቅ ላይ ከሰፋሽው ይጎትተውና ይጨማደዳል። ኦርጋንዛውን፣ ያን ስስና ደረቅ ያለ ጨርቅ፣ በድርቡ በሰያፍ ቁረጪና ጠርዙ ውስጥ ደረቁን የናይለን መረብ ሪባን አስገቢ። የሪባኑን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልይው፤ ሲቆረጥ እንደ እሾህ ይወጋል።

ቀሚሱ ራሱ በሰያፍ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ማለት ድርና ማጉ ሰውነቷ ላይ ጋድሞ እንዲወርድ ካደረግሽው፣ ጨርቁን ሳታጥፊ በአንድ ንብር ቁረጪ። ከሰፋሽው በኋላ ሁለት ቀን ተንጠልጥሎ ይደር። በራሱ ክብደት በየቦታው እኩል ስለማይረዝም፣ በዚያው ቀን የዘመዘምሽው ቀሚስ በሳምንቱ ጎንና ጎኑ ተንዘልዝሎ ታገኚዋለሽ። ለዚፑ ከኦርጋንዛ በቀጥታ የተቆረጠ ቀጭን ጥብጣብ ከሥር አድርጊለት፤ ካላደረግሽ ዚፑ ይንጋደዳል።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። «የሰውነት ቀለም» ተብሎ የሚሸጠው ቱል ለነጭ ቆዳ የተቀለመ ነው፤ የእኛ ሰው ሲለብሰው እንደ ፋሻ ነው የሚታየው። ናይለን ከሆነ ከ20 ደቂቃ በላይ ፍል ወፍራም ሻይ ውስጥ ነክረሽ ቀለሙን ማጥቆር ትችያለሽ፤ ፖሊስተር አይቀበልም። በትንሽ ቁራጭ ሞክሪ፣ አድርቀሽም ልጅቷ ክንድ ላይ አድርገሽ በቀን ብርሃን እዪው። እርጥቡን አይተሽ አትወስኚ፤ ሲደርቅ ይነጣል።

በሚመጣው ሰው ሦስት አሪ መርፌ ከነእጀታቸው፣ 10 ሜትር የወገብ ሪባንና ከኪናሪ ባዛር የገዛሁትን የመስታወት ዶቃ እልክልሻለሁ። ለመወጠሪያው አናጺው አራት ቀጥ ያለ እንጨት ያዘጋጅልሽ። የልጅቷን ቁመትም በዕለቱ በምታደርገው ጫማ ለክተሽ ላኪልኝ፤ ባዶ እግሯን የተለካውን ማስተካከል አይቻልም።

እማዬን ሳሚልኝ።

ታናሽ እህትሽ፣ ከደልሂ